ከኅዳር በሽታ እስከ ስልክ ክትትል፦ የአእምሮ ሕክምና በወረርሽኝ ዘመናት

መግቢያ

የወረርሽኝ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚቆጠሩት የሞቱት ናቸው። በሽታው ሳይነካቸው ሕክምናቸው የተቋረጠባቸውን ሕሙማን ለመቁጠር የተጨነቀ ጸሐፊ ግን እምብዛም አይገኝም። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ድምፃቸው ከሁሉ ያነሰው የአእምሮ ሕሙማን ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ራሱ ይጮኻል፤ ሕመሙ ማስተዋሉን የነሳው ሰው ግን መድኃኒቱ ማለቁን ላያስታውስ፣ ቢያስታውስም እሰይ ብሎ ሊቀበለው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ወረርሽኝ የአእምሮ ሕክምናን ባናጋ ቁጥር ሐኪሞች ምን እንዳደረጉ፣ በየዘመኑ አዲስ የነበሩ መሣሪያዎች ምን እንደረዱና የት ላይ እንደወደቁ ባጭሩ ይቃኛል። ዓላማው ታሪክን ለታሪክነቱ ለመተረክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ሲገባ የስልክ ክትትል ከጀመሩት ወጣት ሐኪሞች አንዱ ነበርሁና፣ ያን ጊዜ ታሪኩን ባውቅ ኖሮ አንድ ስሕተት ባልሠራሁ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

የኅዳር በሽታ

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር (እ.ኤ.አ. 1918) ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ደረሰ። ሕዝቡም ከወሩ ስም ወስዶ የኅዳር በሽታ አለው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠራርጎ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

በዚያ ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የቆመ ሆስፒታል አልነበረም። የሕሙማኑ መጠጊያ ቤተሰብና ጸበል ነበሩ። ስለዚህ ወረርሽኙ የአእምሮ ሕክምናን አቋረጠ ለማለት አይቻልም፤ ያልነበረ ነገር አይቋረጥምና። የተቋረጠው አስታማሚው ነው። እናቱ፣ እኅቱ ወይም ወንድሙ የሞተችበት ወይም የሞተበት ሕመምተኛ ማን እንዳጎረሰው የመዘገበ ሰው የለም። ይህ ባዶ ገጽ ራሱ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው።

ሐኪሞች በነበሩበት አገር ግን ጥያቄው ወዲያው ተነሥቷል። ካርል ሜኒንገር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ሳይኮፓቲክ ሆስፒታል ከኢንፍሉዌንዛው ጋር ተያይዞ የአእምሮ መታወክ የደረሰባቸውን 100 ሕሙማን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1919 ጽሑፍ አሳተመ። ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ አጠራር ዲሜንሺያ ፕሪኮክስ፣ ማለትም ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለው የማይድን ሕመም ይዟቸዋል የሚል ግምት ነበር። ከዓመታት በኋላ ተከታትሎ ሲያያቸው ግን ከመካከላቸው ድነው የተገኙት ብዙ ነበሩ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ በወረርሽኝ መካከል የሚሰጥ የምርመራ ውጤት ተከታታይ ካላገኘ ፍርድ ሆኖ ይቀራል። ሕመምተኛው መዳኑን የሚያውቀው ተመልሶ ያየው ሐኪም ብቻ ነው።

መርፌ፣ ስልክና ቴሌቪዥን

የአእምሮ ሕመምተኛን ከሆስፒታል ቅጥር ውጭ ለማከም የቻልነው በመድኃኒት ነው። ዣን ዲሌና ፒየር ዴኒከር እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ በሚገኘው በሴንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን በሥነ አእምሮ ሕመም ላይ ያለውን ጥቅም አሳዩ። በ1960ዎቹ ደግሞ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቀው የፍሉፌናዚን መርፌ መጣ። በየዕለቱ ክኒን መዋጥ የተሳነው ሰው በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሆነ። ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ አንድ አዲስ ጥገኝነትም አብሮት መጣ። በቀጠሮው ቀን ሕመምተኛው ጤና ተቋም መድረስ ወይም ነርሷ ሕመምተኛው ዘንድ መድረስ ይኖርባታል። መንገድ ከተዘጋ መርፌው ተዘጋ ማለት ነው።

ርቀትን በመሣሪያ ለማጥበብ የተደረገው ሙከራም ከዚሁ ዘመን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ ቄስ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች እንዲደውሉለት ለንደን ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ከፈተ፤ ሳማሪታንስ የተባለው ማኅበር ከዚያ ተወለደ። ቫራ ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር ተገነዘበ፤ ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር ከመነጋገራቸው በፊት ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሻይ ሲጠጡና ሲያወሩ ይቀላቸው ነበር። ስልኩ በሩን ከፈተ፤ ያከመው ግን የሰው ጆሮ ነበር።

በአሜሪካ የኔብራስካ ሳይካትሪ ኢንስቲትዩት ሐኪሞች በሴሲል ዊትሰን መሪነት ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሁለት አቅጣጫ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ለማስተማርና ለቡድን ሕክምና ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ መሣሪያ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው የኖርፎክ የመንግሥት ሆስፒታል ጋር አገናኙት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቶማስ ድዋየር በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞችን በቤድፎርድ ከሚታከሙ የጦር ተመላሾች ጋር በቴሌቪዥን እንዲነጋገሩ አደረገ። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. አዲስ ነገር መስሎ የታየን የርቀት የአእምሮ ሕክምና በዚያን ጊዜ ዕድሜው 60 ዓመት ደርሶ ነበር። የዘገየው መሣሪያው ስላልነበረ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው፣ የክፍያ ደንቡና ልማዱም ይዘውት ነበር። በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በመስኮቱ ሌላኛው ጫፍ ሆስፒታል መኖሩ ነው። ኖርፎክ ላይ ነርስ ነበረች፤ ሐኪሙ በመስኮቱ ያየውን ተቀብሎ የሚፈጽም እጅ ነበረ።

የእኛ መንገድ

በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል መነሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ተስፋ በዚያ አንድ ቅጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር ነው ሕክምናው ወደ ክልል ሆስፒታሎች መውጣት የጀመረው። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ አገልግሎቱን በትከሻቸው የተሸከሙት ነርሶች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን በቡታጅራ የተደረገው ጥናት ዓይናችንን ገለጠ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ከታወቁት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። የሕክምናው ጥያቄ ከተማ ውስጥ ስንት አልጋ አለ የሚል ሳይሆን፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ማን ይደርሳል የሚል መሆኑ በዚህ ታወቀ። ለዚህም መልስ ሆኖ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሥልጠና ተሰጠ። በጉራጌ አካባቢ ተደርጎ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጤና ጣቢያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የተከታተሏቸው ከባድ ሕሙማን ውጤት በሥነ አእምሮ ነርሶች ከተያዙት አላነሰም።

መጋቢት 2012

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ታሪፉ ጨመረ፤ በአንዳንድ ክልሎች ከከተማ ወደ ከተማ መጓጓዝ ለጊዜው ተከለከለ። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምናን ጨምሮ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ማከሚያ ሆነ። ውሳኔው በወቅቱ ምክንያት ነበረው፤ አልጋና ቅጥር ያለው አዲስ ሆስፒታል እርሱ ነበርና። ይሁን እንጂ የሚታየው ሁኔታ ከዓለም የተለየ አልነበረም፤ ጥበት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ቦታ የሚለቅቀው የአእምሮ ሕክምና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. 130 አገሮችን ጠይቆ 93 በመቶዎቹ የአእምሮና የነርቭ አገልግሎታቸው እንደተስተጓጎለ መለሱ። ሰባ በመቶው ስልክና ቪዲዮን ምትክ አድርገናል ብለዋል። ነገር ግን በሀብታም አገሮች ይህ ምትክ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን፣ በድኾች ከ50 በመቶ በታች ነበር። ድርጅቱ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የድባቴና የጭንቀት ሕመም በዓለም ላይ በ25 በመቶ መጨመሩን ገልጿል። ሕመሙ ሲጨምር በሩ ጠበበ ማለት ነው።

ከወረርሽኙ የተገኘ በጎ ነገርም መዘንጋት የለበትም። ክሎዛፒን የሚወስዱ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ ከደረሰው የነጭ የደም ሕዋስ መመናመን አደጋ ወዲህ በጥብቅ የደም ምርመራ ይያዙ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ችግር የቆዩ ሕሙማን በየሦስት ወሩ ቢመረመሩ ይበቃል ብለው ተስማሙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2025 እ.ኤ.አ. ከመርማሪ መዝገብ ጋር የተያያዘውን የግዴታ ሥርዓት አነሣ። ለዓመታት ማንም ሊነካው ያልደፈረውን ደንብ እንደገና ለመመርመር ያስገደደው ችግር ነው።

አንድ ካርድ

በዚያ ወቅት እሠራበት በነበረ ሆስፒታል እኔና አብራኝ የምትሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ የቀጠሯቸውን ቀን ያሳለፉ ሕሙማንን ካርድ እያወጣን መደወል ጀመርን። ከመካከላቸው አንዱ በስኪዞፍሬኒያ የሚታከምና ወርኃዊ የፍሉፌናዚን መርፌ የሚወስድ ወጣት ነበር። ቤቱ ከሆስፒታሉ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። ካርዱ ላይ የተመዘገበው ስልክ የታላቅ ወንድሙ ነው። ደወልሁ። ወንድሙ በአክብሮት አነጋገረኝ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን ዶክተር፣ ደኅና ነው፣ መንገዱ ሲከፈት እናመጣዋለን» አለኝ። እኔም ካርዱ ላይ «በስልክ ተጠይቆ ደኅና ነው ተብሏል» ብዬ ጻፍሁ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ይዘውት መጡ። የእጆቹ አንጓ በገመድ ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። መርፌው ባለፈው በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ሕመሙ ተመልሶ፣ ሌሊት እየወጣ ሲጠፋባቸው ቤተሰቡ አስረውታል። ወንድሙን ለመቆጣት አፌን ስከፍት «ታዲያ ምን ላድርግ ዶክተር? እርስዎ ደኅና ነው ወይ አሉኝ፤ ሌላ ምን መልስ ነበረኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ ደውዬ አንድም ጊዜ ሕመምተኛውን አልጠየቅሁም ነበር። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ያለበትን ክፍል አልጠየቅሁም። መርፌውን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እንዲያገኝ ወደዚያ አልደወልሁም። ስልኩ ከቤቱ በር አድርሶኝ ነበር፤ እኔ ግን ደጃፍ ቆሜ ተመለስሁ።

በዚያው ወቅት የሠራናቸው ሌሎች ለውጦችም እንዲሁ ሁለት ፊት ነበራቸው። ለረጅም ጊዜ የተረጋጉ ሕሙማን የሦስት ወር መድኃኒት ሲሰጣቸው የመንገድ ወጪና የሥራ ቀን አተረፉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዛሬም ይህ እንዲቀጥል ይለምናሉ። ነገር ግን ራሱን ለማጥፋት ያሰበ የድባቴ ሕመምተኛ እጅ የሦስት ወር አሚትሪፕቲሊን መስጠት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ መመሪያ ለሁሉም አይሆንም፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው ሕመምተኛውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የስልኩ ገደብ በሌላ መንገድ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በአንድ መሥመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ክትትል መሥመሩ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ለሕመምተኛው የሚቀረው በእግር ሊደርስበት የሚችለው ጤና ጣቢያና በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ያለው መድኃኒት ብቻ ነው።

አያቶችና ማሽኖች

የተሳካ ምሳሌ ለሚሻ ዚምባብዌን መመልከት ይበቃል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር አረጋውያን እናቶችን አሠልጥነው፣ ከጤና ጣቢያ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሐሳብ የተጨነቁትን እንዲያዳምጡ አደረጉ። የሾና ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህን ሕመም በራሳቸው ቃል «ኩፉንጊሲሳ»፣ አብዝቶ ማሰብ፣ ይሉታል፤ አያቶቹም በዚሁ ቃል ይጠይቃሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው የሕሙማኑ ሕመም በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። ኮቪድ ወንበሮቹን ባዶ ባደረገ ጊዜ አገልግሎቱ ወደ ስልክና ወደ ዋትስአፕ ተዛወረ። ይህ ሊሆን የቻለው ስልኩን የምታነሣው አያት አስቀድማ የሠለጠነችና የምትታመን ስለነበረች ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ሰው በሌለበት ማሽን ብቻውን እንዲያዳምጥ የማድረግ ሐሳብም አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኢላይዛ የተባለች፣ እንደ ሥነ ልቦና አማካሪ ጥያቄ እየመለሰች የምትጠይቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሟ የምትናገረውን አትረዳም ነበር። ያም ሆኖ ጸሐፊው ከማሽኗ ጋር ለብቻዋ ለመነጋገር ከክፍሉ እንዲወጣላት ስትጠይቀው ዋይዘንባም ደነገጠ፤ ቀሪ ዘመኑንም ስለዚህ ነገር በማስጠንቀቅ አሳለፈ። ከወረርሽኙ ወዲህ የተስፋፉት ተናጋሪ ፕሮግራሞች ከኢላይዛ እጅግ የላቁ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረውና በዘርፉ ከታወቁት አንዱ የነበረው ዎቦት በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ተጠቃሚዎቹ በአንድ ቀን አማካሪያቸውን አጡ።

ለእኛ ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። በድባቴ የተያዘች እናት «ድባቴ ይዞኛል» ብላ አትመጣም። «ውስጤን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴን ደከመኝ»፣ «ሐሳብ ገደለኝ» ትላለች። «ሞት አይመጣልኝም ወይ?» ስትል ደግሞ እንደ አነጋገሯ ምርር ያለ ወግ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛ የሞት ምኞትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ፊቷን ማየት፣ ዝምታዋን መለካትና መንደሯን ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በቂ ፍተሻ ያልተደረገበትን ማሽን ለእንደዚህ ያለ ሰው ማቅረብ፣ ያልተፈተሸ መድኃኒት ከማዘዝ አይለይም።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ ያለውን ስንመለከት አንድ ነገር ይደጋገማል። መሣሪያው በሚደርስበት ጫፍ የሚያይና የሚሠራ ሰው ሲኖር ሕክምናው ይቀጥላል፤ ሰው ከሌለ መሣሪያው የሚያደርሰው «ደኅና ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ለባልደረቦቼ የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የስልኩ ባለቤት ማን እንደሆነና ከሕመምተኛው ጋር አንድ ቤት የሚኖር መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ በስልክ ስንጠይቅ አስቀድመን ሕመምተኛውን ራሱን እናነጋግር፤ ለብቻው መሆኑን እንጠይቅ፤ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መድኃኒቱና ታስሮ እንደሆነም በግልጽ እንጠይቅ። አስታማሚውም የሚጠየቅበት ጊዜ ይኑረው፤ እርሱም ደክሟልና። ሦስተኛ፣ መርፌ የሚወስድ ሕመምተኛ ሁሉ መንገድ ቢዘጋ መርፌውን ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያገኝ ገና ሰላም ሳለ ይወሰን። አራተኛ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም.) ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በስልክ ያልተገኘ ወይም «ደኅና ነው» የተባለለት ከባድ ሕመምተኛ ቤት ሄደው እንዲያዩ ግልጽ ኃላፊነትና ሥልጠና ይሰጣቸው። አምስተኛ፣ ለሚመጣው ወረርሽኝ ሲታቀድ የአእምሮ ሕክምና አልጋ ለሌላ አገልግሎት የሚሰጥ ከሆነ ሕሙማኑ ወዴት እንደሚሄዱ በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።

እነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። የሚጠይቁት ትንሽ ጊዜና አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው።

ያ ወጣት ቁስሉ ድኖ፣ መርፌውን በቤቱ አቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ መውሰድ ጀመረ። ከሆስፒታሉ ከመልቀቄ በፊት ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሣው ወንድሙ ነው፤ እንደ ልማዱ «ደኅና ነው ዶክተር» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እስኪ ለራሱ ስጠው» አልሁት። ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም ሌላ ድምፅ መጣ።